መጀመሪያ መጽሐፉን ያስይዟቸው፤ ደንቡ ይደርሳል

ጥያቄ፦ «በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት ከተመደብኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል በየደረጃው ሦስት ሦስት ምድብ አለን፤ ተማሪዎቹ በድምሩ 900 ገደማ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ አንዲት ክፍል ነች፤ 40 ያህል ልጆች ታስቀምጣለች። ሠራተኛዋም እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው መስከረም ተማሪዎቹን በሰልፍ ላይ እንዳሉ 14 ነጥብ ያለውን የአጠቃቀም ደንብ አነበብኩላቸው። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ የመጡት የ6ኛ ክፍል ልጆች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ለፈተና ጥናት። ዘንድሮ አቀባበሉን እንዴት ላድርገው? ያንኑ ገለጻ በየዓመቱ መድገም አለብኝ? መጽሐፍ ማዋስስ ልጀምር? ከጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። የጥያቄዎ ዋና ነገር ያለው መጨረሻ ላይ ጣል አድርገው ባለፏት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው፤ «ከጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ»። ስለ አቀባበል ብዙ ማለት ይቻላል፤ ይህ ስጋት ሳይቃለል የሚደረግ አቀባበል ግን ልጆቹን እስከ በር አድርሶ መመለስ ነው። እንደ እርስዎ 14 ነጥብ ያሉ ደንቦችን በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ አንብቤአለሁ። አብዛኛው ነጥባቸው መጽሐፉን ከልጁ ለመጠበቅ የተጻፈ ነው። ልጆች ደግሞ ይህን ቶሎ ይረዳሉ፤ በማይታመኑበት ቤት አይመላለሱም።

ስለዚህ ከስጋቱ ልጀምር። በመንግሥት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ንብረት ነው። በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይሆናል፣ በተረካቢው ስም ይመዘገባል፣ በዓመቱ መጨረሻ ይቆጠራል። በዚህ አሠራር ውስጥ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ በኪሱ ይዞ የሚዞረው ሰነፉ ሠራተኛ ሳይሆን ጠንቃቃው ነው፤ እርስዎም አይፈረድብዎትም። ችግሩ አዲስም አይደለም። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1931 እ.ኤ.አ. ካሳተማቸው አምስት ሕጎች የመጀመሪያው «መጻሕፍት ለአገልግሎት ናቸው» ይላል። ይህን ሲያብራራ ያነሳው በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መጻሕፍት ከመደርደሪያ ጋር በሰንሰለት ይታሰሩ የነበሩበትን ዘመን ነው። የእኛ ሰንሰለት የንብረት መዝገቡ ነው፤ የሚፈታውም በወረቀት ነው።

ትምህርት ሳይጀመር፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ርዕሰ መምህሩንና የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ ለግማሽ ሰዓት ያስቀምጧቸውና ቃለ ጉባኤ ያስይዙ። ሦስት ነገር ይጻፍበት። አንደኛ፣ ለውሰት የሚወጡት የተረትና የታሪክ መጻሕፍት ከማጣቀሻ መጻሕፍት ተለይተው በራሳቸው ዝርዝር ይያዙ። ሁለተኛ፣ በአገልግሎት ብዛት የተበጣጠሱትና የጠፉት ሰኔ ላይ በኮሚቴ ታይተው በንብረት አወጋገድ ሥርዓቱ መሠረት ከመዝገብ እንዲሰረዙ ይቅረቡ። ሦስተኛ፣ ልጅ መጽሐፍ ሲያጠፋ ምን እንደሚደረግ ይወሰን። የእኔ ምክር ገንዘብ አይጠየቅ የሚል ነው። ወላጅ ከቻለ ሌላ የልጆች መጽሐፍ ያምጣ፤ ካልቻለ ልጁ ጥቂት ቀን ከእርስዎ ጋር የተቀደደ ይለጥፍ፤ ከዚያ ያበቃል። 50 ብር እንዲከፍል የተጠየቀ የ2ኛ ክፍል ልጅ ገንዘቡን አያመጣም፤ እሱም መምጣቱን ይተዋል፣ ታናናሾቹም እንዳይሄዱ ይነግራቸዋል። ቃለ ጉባኤው ሦስት ፊርማ ካገኘ የእርስዎ ስም ብቻውን አይቆምም። እዚህ ላይ ርዕሰ መምህሩ ቢያንገራግር እንኳ በ200 ቀጫጭን መጻሕፍት ብቻ ለመጀመር ይስማሙ። ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል።

አሁን ወደ አቀባበሉ። መስከረም እንዴት እንደሚያልፍ እርስዎም ያውቁታል። ምዝገባ ይንጠባጠባል፣ ተማሪ ከምድብ ወደ ምድብ ይዛወራል፣ የክፍል ኃላፊ መምህር ይቀያየራል፣ የመማሪያ መጽሐፍ ሥርጭቱም ብዙ ጊዜ በቤተ መጻሕፍቱ ላይ ይወድቃል። ይህ የመጨረሻው ነገር የሚያደርሰውን ጉዳት ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ልጁ ቤተ መጻሕፍቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በግፊያ መካከል፣ በፊርማና «ብትጥል ወላጅህን ታመጣለህ» በሚል ማስጠንቀቂያ ከሆነ ሌላ ገለጻ አያስፈልገውም፤ ትምህርቱን ወስዷል። ሥርጭቱን ከእርስዎ ማስነሳት ካልተቻለ ቢያንስ ቦታውን ያስቀይሩ። ጠረጴዛ በረንዳ ላይ ያውጡ ወይም በየክፍሉ እየዞሩ ያድሉ፤ ልጆቹ በቤተ መጻሕፍቱ በር ለዚያ ጉዳይ አይግቡ። አቀባበሉን ደግሞ ከመስቀል በኋላ ያድርጉት። መስከረም 17 ካለፈ ስም ዝርዝሩ ይረጋል፣ ልጆቹም ከትምህርት ቤቱ ጋር ይላመዳሉ።

እስከዚያ ያሉትን ሳምንታት ለመደርደሪያው ያውሏቸው። ክፍልዎን ሳላየው እገምታለሁ። ከመደርደሪያው ሲሶ ያህሉ ከውጭ በእርዳታ የመጣ፣ ማንም ያልገለጠው፣ ወፍራምና ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ነው። የኮሌጅ ሒሳብ አያያዝ ይኖርበታል፤ ዘመኑ ያለፈ የኮምፒውተር መመሪያ ይኖርበታል፤ ስለ በረዶ ላይ ሸርተቴ የሚያስተምርም አይጠፋም። ልጁ ሲገባ የሚያየው ይህንን ነው፤ ለእሱ የሚሆኑት ቀጫጭኖቹ የአማርኛ ተረቶች በመካከሉ ተውጠው አይታዩም። ማስወገድ ሥርዓት ስላለው ለጊዜው ካርቶን ውስጥ ከተው፣ ዝርዝሩን ለጥፈው ከቁም ሳጥን በላይ ይስቀሉት። በሚለቀቀው ቦታ ላይ የልጆቹን መጻሕፍት በፊታቸው አዙረው ያቁሟቸው። የ7 ዓመት ልጅ መጽሐፍ የሚመርጠው በሽፋን ሥዕል ነው፤ በጀርባው የተጻፈውን ርዕስ ገና ማንበብ አይችልም። በትምህርት ቤትዎ በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ ልጆች ካሉ የእነሱ መጻሕፍት ጥግ ላይ ሳይሆን በዚሁ ከፍታ ላይ ይቁሙ። የሚረዝመው መደርደሪያ ላይ ምንም የልጅ ነገር አያስቀምጡ። በሩ ላይ ደግሞ ልጆቹ ለእንቁጣጣሽ የሳሏቸውን የአደይ አበባ ሥዕሎች ይለጥፉ። «ዝምታ!» የሚለው ማስታወቂያ የት ይሁን ቢሉኝ፣ ካርቶኑ ውስጥ ከሒሳብ አያያዙ ጋር።

የጊዜ ሰሌዳው ከሚመስለው ይቀላል። 18 ምድብ አለዎት፤ አንድ ምድብ 50 ያህል ልጅ ነው፤ ክፍልዎ 40 ይይዛል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማስገባት አይሞክሩ፤ ለሁለት ይክፈሏቸው። ለዚህ የሚመቸው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው። ግማሹ ሜዳ ላይ ከስፖርት መምህሩ ጋር ይቆያል፤ ግማሹን የክፍል ኃላፊው ይዞ ይመጣል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይለዋወጣሉ። በቀን ሁለት ምድብ ከተስተናገደ በ9 የትምህርት ቀን ያልቃል። 20 ደቂቃ ያንሳል የሚል መምህር ይኖራል፤ ለመጀመሪያ ቀን አያንስም። አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቀው ይያዙ። የክፍል ኃላፊው ልጆቹን በር ላይ ጥሎ ሻይ ለመጠጣት መሄድ የለበትም። ልጆቹ መምህራቸው መጽሐፍ ሲያነሳና ሲገልጥ ማየት አለባቸው፤ እርስዎም ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልግዎታል።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ ከ1ኛ ክፍል መጀመር የተለመደ ነው። እኔ በተቃራኒው እንዲያደርጉት እመክራለሁ። ከ4ኛ፣ ከ5ኛና ከ6ኛ ክፍል ይጀምሩ፣ ወደ 2ኛና 3ኛ ይውረዱ፣ 1ኛ ክፍልን መጨረሻ ላይ ያድርጉ። ትልልቆቹ ቀድመው ከገቡ ከእነሱ መካከል የሚያግዙዎትን ይመርጣሉ፤ ብቻዎን የመሆንዎ ችግር በከፊል የሚፈታው በዚህ መንገድ ነው። ትንንሾቹም መጸዳጃ ቤቱንና የክፍላቸውን በር ለይተው ካወቁ በኋላ ቢመጡ ልባቸው ይረጋጋል።

የ1ኛ ክፍልን 20 ደቂቃ በዝርዝር ልንገርዎ፤ በዚህ ላይ የተሳካለት ሰው ሌላው አያስቸግረውም። ከመግባታቸው በፊት ወለሉ ላይ ሰሌን ወይም ምንጣፍ ያንጥፉ። ወንበር ላይ አይቀመጡ፤ እግራቸው መሬት ስለማይነካ ማወዛወዝ ይጀምራሉ፣ ከዚያ መረጋገጥ ይመጣል። እርስዎ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ይሁኑ። ስምዎን ይንገሯቸው፤ ስለ ቤተ መጻሕፍት ጥቅም ምንም አይናገሩ። መጽሐፉን በደረትዎ ልክ፣ ገጹን ወደ እነሱ አዙረው ይያዙና «ተረት ተረት!» ይበሉ። «የላም በረት!» የሚለው ምላሽ ጣሪያውን ያናጋዋል። ማንም ሳያስተምራቸው የሚያውቁት ሥርዓት ስለሆነ ቤቱ በዚያች ሰከንድ የእነሱ ይሆናል። ያቺን ሰከንድ በምንም ገለጻ አያገኟትም።

የሚያነቡት ተረት ከ6 ወይም 7 ደቂቃ አይለፍ። ቀስ ብለው ያንብቡ፤ ገጹን ከመግለጥዎ በፊት ቆም ብለው «አሁን ጅቡ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል?» ይበሉ። ሲገልጡ በቀኝ በኩል የላይኛውን ጫፍ በሌባ ጣት አንሥተው፣ እጅዎን ከገጹ ሥር አሳልፈው ይግለጡ፤ ምራቅ አያስነኩ። ይህን ሳይናገሩ አሥር ጊዜ ካሳዩአቸው አሥር ጊዜ አስተማሩ ማለት ነው። ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው ይዝጉ። ከዚያ በየጠረጴዛው ላይ አስቀድመው የዘረጓቸውን መጻሕፍት እንዲመርጡ ይልቀቋቸው። ሁለት ልጅ አንድ መጽሐፍ መያዝ ይችላል። ሲያወሩ ይተዋቸው፤ ስለ ሥዕሉ ነው የሚያወሩት። አንድ ልጅ መጽሐፉን ገልብጦ ይዞ «ሲያነብ» ካዩት አያርሙት፤ የጎረቤቱን አይቶ ራሱ ያዞረዋል።

መማሪያ መጽሐፍ ያልሆነ፣ በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ እጁ ገብቶ የማያውቅ ልጅ በየክፍሉ አለ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ በልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ይሠሩ የነበረውን ሥራ ትተው ወደ አገር ቤት የተመለሱትና በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት የከፈቱት ይህንን አይተው ነው። በኋላም ሐዋሳ ላይ አህያ የምትጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። በጋሪ ላይ የተደረደረ መጽሐፍ 14 ነጥብ ደንብ የሚለጠፍበት ግድግዳ የለውም።

ደንብ አያስፈልግም ማለቴ እንዳልሆነ ይገባዎታል። ሦስት ይበቃል፤ እነሱም ከመጽሐፉ በኋላ እንጂ በፊት አይመጡም። እጃችንን ታጥበን እንገባለን፤ ምሳ በትምህርት ቤት ለሚበሉ ልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ የወጥ ዘይት የነካው ገጽ አይመለስም። አንብበን ስንጨርስ ጠረጴዛ ላይ እንተዋለን፤ ወደ መደርደሪያ የሚመልሰው ሌላ ሰው ነው። ልጅ በገዛ እጁ ከመለሰው ያ መጽሐፍ ለወራት ላይገኝ ይችላል። መጽሐፍ ከተቀደደ ደግሞ እንናገራለን፤ የሚቆጣን የለም። ሦስተኛውን የሚያምኑት ሲፈተን ነው። የመጀመሪያው ልጅ የተቀደደ ይዞልዎት ሲመጣ በሌሎቹ ፊት «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» ብለው ወዲያው ቁጭ ብለው ይለጥፉት። በቤት ፕላስተር አይለጥፉ፤ ፕላስተር ይበጫል፣ ይደርቃል፣ ወረቀቱንም ይዞት ይነሣል። ስስ ወረቀትና የስታርች ሙጫ ይሻላል።

ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ነገር በእጅ ያሳዩአቸው፤ መጽሐፍ ከመደርደሪያ እንዴት እንደሚወጣ። ልጅም ትልቅ ሰውም የጀርባውን ጫፍ ከላይ በጣቱ ስቦ ነው የሚያወጣው፤ የመጻሕፍት ጀርባ ከላይ የሚቦጨቀው ለዚህ ነው። በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት መጻሕፍት ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ፣ መካከለኛውን ወገቡ ላይ ጨበጥ፣ ከዚያ ሳብ። ጀርባው የተቦጨቀ አንድ መጽሐፍ ይዘው «ይህን ምን አገኘው?» ብለው ቢጠይቋቸው መልሱን ራሳቸው ይደርሱበታል። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ ተነሥቶ አንድ ጊዜ ይሞክር። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም፣ በዓመቱ ብዙ መጽሐፍ ያተርፋል።

አሁን «በየዓመቱ ያንኑ ልድገም ወይ?» ላሉት። አይድገሙ። ልጁ በየዓመቱ ሲመጣ አንድ አዲስ ነገር ሊያገኝ ይገባዋል። 2ኛ ክፍል ሲደርስ መጽሐፍ ወደ ቤት መውሰድ ይጀምራል፤ በራሱ ስም የተጻፈ የውሰት ካርድ ማግኘት ለእሱ ትልቅ ሹመት ነው፤ ስሙን ራሱ ይጻፈው፣ ቢጣመምም። 3ኛ ክፍል የመጽሐፍን ክፍሎች፦ ርዕስ፣ ደራሲ፣ ሠዓሊ፣ ማውጫ። 5ኛ ክፍል መዝገበ ቃላትና አትላስ፤ የዲዊ አመዳደብም ካለዎት እዚህ ላይ ይግባ። ሜልቪል ዲዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ሥርዓት ዕውቀትን በአሥር ዋና ክፍል ይመድባል። ልጆቹ አሥሩንም በቃላቸው መያዝ የለባቸውም። ተረት 398.2 ላይ፣ አጥቢ እንስሳት 599 ላይ፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ እንደሚገኝ ካወቁ ሌላውን ፍለጋቸው ያስተምራቸዋል። ከ4ኛ ክፍል በታች ላሉት ግን ቁጥሩን ይተዉት፤ ቀለም ያላቸው ፕላስተሮች በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ ይለጥፉ፣ ተረት ቀይ፣ እንስሳት አረንጓዴ፣ እያሉ።

4ኛ ክፍልን የዘለልኩት በምክንያት ነው፤ በሚገባ የሚያስደስተው እሱ ነው። በዚህ ዕድሜ ገለጻ ሳይሆን ፍለጋ ይወዳሉ። አራት አራት ሆነው ይቧደኑ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አምስት ጥያቄ ያለባት ቁራጭ ወረቀት ይስጡ፤ ለየቡድኑ ቅደም ተከተሉን ያቀያይሩት፣ አለበለዚያ ሁሉም አንድ መደርደሪያ ላይ ይከመራሉ። ጥያቄዎቹ እንዲህ ያሉ ይሁኑ፦ የደራሲው ስም በ«በ» የሚጀምር መጽሐፍ አግኙ። የዝሆን ሥዕል ያለበትን ገጽ ቁጥር ጻፉ። በማውጫው ውስጥ ስለ ውኃ የሚናገር ምዕራፍ ያለውን የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ ፈልጉ። ከመምህራችሁ ዕድሜ በላይ የሆነ መጽሐፍ አግኙ። ይህ የመጨረሻው የኅትመት ዓመት የት እንደሚጻፍ ያስተምራቸዋል፤ መምህሩንም ዕድሜውን ያስናግረዋል፤ ሳቁ ራሱ ለአቀባበሉ ይጠቅማል። የኅትመት ዓመቱ አንዳንዱ ላይ በእኛ፣ አንዳንዱ ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ክርክር ይነሣል፤ ይነሣ።

በዚህ ፍለጋ ላይ ሁለት ነገር ያደናቅፋቸዋል፤ አስቀድመው ያስተካክሏቸው። አንደኛው የስም ጉዳይ ነው። የእኛ ደራሲያን የሚደረደሩት በራሳቸው ስም እንጂ በአባታቸው ስም አይደለም፤ የውጭዎቹ ግን በቤተሰብ ስማቸው። ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ ከቀላቀሉ ልጁ ቀርቶ መምህሩም ይጠፋዋል፤ ለየብቻ ያድርጓቸው። ሁለተኛው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ናቸው። በሀ፣ በሐ ወይም በኀ መጻፉን ልጁ በጆሮው ሊለይ አይችልም፤ በፊደል ገበታው ላይ ደግሞ ተራርቀው ነው የሚገኙት። ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ለእርስዎ አንድ ክፍል ግን ሐ፣ ኀ እና ኸ ከሀ ጋር፣ ሠ ከሰ ጋር፣ ዐ ከአ ጋር፣ ፀ ከጸ ጋር ይግቡ። ይህንኑ በትልቁ ጽፈው መደርደሪያው ጫፍ ላይ ይለጥፉት። የቋንቋ መምህራን ቅር ሊላቸው ይችላል፤ እዚህ ግን የሚፈለገው መጽሐፉን ማግኘት ነው።

6ኛ ክፍልን አይቀበሏቸው፤ እነሱ ይቀበሉ። ክልላዊ ፈተና ስላለባቸው ቤተ መጻሕፍቱን የጥናት አዳራሽ ብቻ አድርገው ያዩታል፤ አይፈረድባቸውም። ሆኖም ከየምድቡ አራት አራት ልጅ የቤተ መጻሕፍት ክበብ አባል ቢሆን 12 ረዳት አገኙ። የ1ኛ ክፍል ቀን ሁለቱ በር ላይ ቆመው ያስገቡ፤ ከተረቱ በኋላ አንድ ትልቅ ልጅ ለሦስት ትንንሾች ያንብብ። ረዳቶቹን ሲመርጡ በደረጃ ከ1 እስከ 3 የወጡትን ብቻ አይልቀሙ። ለትንሽ ልጅ ጮክ ብሎ ማንበብ የሚጠቅመው ከሁሉ በላይ ራሱ አንባቢው ገና ለሚንተባተብ ነው፤ ለ1ኛ ክፍል ልጅ ቀላል ተረት ማንበብ አያሳፍረውም፣ ምክንያት አለውና።

ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ላይኛው ክፍል ቢያልፍም ንባቡ ላይከተለው ይችላል፤ በእርስዎም 4ኛና 5ኛ ክፍል ውስጥ ይኖራል። በአቀባበሉ ቀን የሚያውቁት ወፍራሙን መጽሐፍ አንሥቶ በፍጥነት ሲገላብጥ ነው። ስለዚህ መጻሕፍቱን «ለ1ኛ ክፍል»፣ «ለ2ኛ ክፍል» ብለው አይለጥፉባቸው። የ5ኛ ክፍሉ ልጅ የተረት መጽሐፍ ቢያነሣ «ይህ የሕፃን ነው» የሚል ማንም አይኑር፤ መምህሩንም ጭምር አስቀድመው ያስጠንቅቁት። ዓይነ ስውር ልጆች ካሉ በተረቱ ጊዜ ከፊት ያስቀምጧቸውና ሥዕሉን በቃል ይግለጹላቸው፤ ለሌሎቹም ይጠቅማል።

ወደ ውሰቱ ልመለስ። አዎ፣ ይጀምሩ፤ ከ2ኛ ክፍል ጀምሮ፣ እዚያው በአቀባበሉ ቀን። ልጁ ከመጀመሪያው ጉብኝት ባዶ እጁን ከወጣ በራሱ ፈቃድ ተመልሶ ለመምጣት ምክንያት የለውም። መጽሐፍ ይዞ ከወጣ ግን ቢያንስ ለመመለስ ይመጣል፤ ለመመለስ የመጣ ደግሞ ሌላ ይወስዳል። ኮምፒውተር አያስፈልግዎትም። የእያንዳንዱን ልጅ ካርድ በየምድቡ በጫማ ካርቶን ውስጥ በስም ቅደም ተከተል ያስቀምጡ። መጽሐፍ ሲወጣ ቁጥሩና ቀኑ ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ካርዱ ወደ «የወጡ» ካርቶን ይዛወራል፤ ሲመለስ ማህተም ተመትቶበት ወደ ቦታው ይገባል። በአንድ ጊዜ አንድ መጽሐፍ፣ ለአንድ ሳምንት። 750 ያህል ልጅ በአንድ ቀን እንዳይመጣ ለየክፍሉ ቀን ይመድቡ፤ አምስት ደረጃ ለአምስት ቀን ልክ ይመጣል። እረፍት ላይ ከረዳቶችዎ ሁለቱ ካርድ ይፈልጋሉ፣ እርስዎ ይጽፋሉ። መጽሐፉ በፌስታል ተጠቅልሎ ወደ ቦርሳ ይግባ፤ በውኃ ኮዳ የሚበላሸው በዝናብ ከሚበላሸው ይበልጣል።

ለመጀመሪያው ውሰት ቀጫጭኖቹንና ብዙ ቅጂ ያላቸውን ያውጡ። የሚያምሩትንና አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸውን እስከ ጥር ድረስ ለክፍል ውስጥ ንባብ ያቆዩአቸው። አንዳንዱ ይጠፋል፤ ይህን ርዕሰ መምህሩ በቃለ ጉባኤው አስቀድሞ ያውቀዋል። ባልመለሰው ልጅ ስም በሰልፍ ላይ አይጥሩ። ለክፍል ኃላፊው በቁራጭ ወረቀት ይስጡ፤ ብዙውን ጊዜ መጽሐፉ ቤት ውስጥ ታናሽ እህት እጅ ላይ ነው፣ ይህም መጥፎ ዜና አይደለም።

ሰልፉን ለሌላ ነገር ይጠቀሙበት። ሚኒ ሚዲያ ካላችሁ በአቀባበሉ ሳምንታት በየማለዳው አንድ ተማሪ ከአንድ ተረት ሁለት ደቂቃ ያህል ያንብብና ልብ የሚያንጠለጥለው ቦታ ላይ ያቁም። ርዕሱን ብቻ ይናገር። ያን መጽሐፍ በዚያ ቀን ሦስት አራት ቅጂ አዘጋጅተው ይጠብቁ፤ አንድ ብቻ ካለዎት እረፍት ላይ እርስዎ ራስዎ ጨርሰው ያንብቡላቸው፣ አለበለዚያ ጠብ ይነሣል።

በዓመቱ መካከል ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የሚመጣ ልጅ አይቀርም። ለእሱ ሌላ ዝግጅት አያስፈልግም፤ ከክበቡ አንድ ልጅ ይዞት ይምጣ፣ ካርዱን ይጻፍ፣ መጽሐፍ ይዞ ይውጣ።

የዘጠኙን ቀን የጊዜ ሰሌዳ ደግሞ ከቃለ ጉባኤው ጋር አያይዘው ከጳጉሜን በፊት ለርዕሰ መምህሩ ያስገቡ። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ አንዴ ከወጣ በኋላ የስፖርት መምህሩን መለመን ነው የሚቀርዎት።